የአንዲት አርቸር ሎግቡክና የክንፍ ስፓር መመሪያ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኦክቶበር 8 ቀን 2022፣ ቅዳሜ

ሦስት ሆነን የገዛናት አውሮፕላን በ1979 የተሠራች፣ አራት ሰው የምትይዝና ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ፒኤ-28-181 ስትሆን፣ አብራሪዎች አርቸር ይሏታል። ማቆሚያዋ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዓመታዊ ፍተሻዋ በዚህ ወር የመጨረሻ ቀን ስለሚያበቃ፣ መርማሪው ሽፋኖቿን ከመክፈታቸው በፊት የመዝገቡን ሥራ እኔ እንድጨርስ ተስማማን። እኔ የአካልና የሞተር ጥገና ፈቃድ አለኝ፤ ዓመታዊ ፍተሻን አጽድቄ የመፈረም ሥልጣን ግን የለኝም፤ ያንን የሚያደርጉልን በዚያው ማረፊያ ሃንጋር ያላቸው አንድ አንጋፋ መርማሪ ናቸው። ማስታወሻውን ከሥራው ጎን ለጎን የምጽፈው፣ ያገለገለ አውሮፕላን ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች የጥገና መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ በአንድ ሥራ ላይ እንዲያዩት ነው።

ከሻጩ የተረከብነው ሣጥን የአካል፣ የሞተርና የፕሮፔለር ሎግቡኮችን (የጥገና መዝገብ መጽሐፎችን)፣ የቆዩ የሥራ ደረሰኞችንና በኮምፒውተር የተተየበ የበረራ ብቁነት መመሪያዎች፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ወይም ዕቃ ላይ አደገኛ ጉድለት ሲያይ የሚያወጣቸው አስገዳጅ ትእዛዞች ዝርዝር ይዟል። ዝርዝሩ ንጹሕ ነው፤ ሲያዩት ያሳምናል። ከመመሪያ 2020-26-16 ትይዩ ግን «አይመለከታትም» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም፤ ስሌት የለም፣ ቀን የለም፣ ፊርማ የለም። ይህ መመሪያ ዋናውን የክንፍ ስፓር፣ ማለትም በክንፉ ውስጥ ለውስጥ አልፎ ከአካሉ ጋር የሚታሰረውንና የበረራውን ሸክም የሚችለውን ምሰሶ የሚመለከት ነው። በአንድ ቃል የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ከሦስታችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ እኛም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ዝርዝሩን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ባለሙያ አዘጋጅቶ ካስረከበን እኛ ደግሞ በምን እንጠየቃለን?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ባለንብረቶችን ያስደነግጣል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን ደንብ በአንቀጽ 91.403 አውሮፕላኑን ለበረራ ብቁ አድርጎ የመያዝን፣ መመሪያዎችንም የማስፈጸምን ቀዳሚ ኃላፊነት የሚጥለው በባለንብረቱ ወይም በአንቀሳቃሹ ላይ ነው። አንቀጽ 39.7 ደግሞ የሚመለከተውን መመሪያ ያላሟላ አውሮፕላን የሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ሰው ደንቡን እንደጣሰ ይደነግጋል። መካኒኩ ለሠራው ሥራና ለፈረመው ፊርማ ይጠየቃል፤ ሥራው እንዲሠራ የማድረግ ግዴታ ግን ከእኛ ላይ አይወርድም። አንቀጽ 91.417 መዝገቡ ምን መያዝ እንዳለበት ሲዘረዝር የመመሪያውን ቁጥርና የማሻሻያ ቀን፣ የተፈጸመበትን ዘዴ፣ ሥራው ተደጋጋሚ ከሆነም ቀጣዩ መቼና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ይጠይቃል። የተረከብነው ዝርዝር በዚህ መስፈርት ሲለካ ጎደሎ ነው። ስለዚህ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ብቻ ልቆጥረውና እያንዳንዱን መስመር ከዋናው ሎግቡክ ላነሣ ወስኛለሁ።

ኦክቶበር 9፣ እሑድ

ዛሬ የመመሪያውን ሙሉ ቃል ከመግቢያው ጀምሬ አነበብኩ። አንድ መመሪያ ለምን እንደወጣ ያልተረዳ ሰው የሚጠይቀውን ሥራ በትክክል ሊሠራ ይቸግረዋል ብዬ ስለማምን፣ ጋሼንና ሦስተኛውን ባልደረባችንን አብረን እንድናነበው ጠራኋቸው።

ቁጥሩ ራሱ የሚነግረን ነገር አለው፤ 2020 ዓመቱ ነው፣ 26 በዓመቱ ውስጥ ያለው የሁለት ሳምንት ክፍለ ጊዜ ተራ ነው፣ 16 ደግሞ በዚያ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያለው የመመሪያው ተራ ቁጥር ነው። መነሻው በኤፕሪል 4 ቀን 2018 በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች የደረሰው አደጋ ነው። የኤምብሪ-ሪድል ኤሮናውቲካል ዩኒቨርሲቲ ፓይፐር ፒኤ-28አር-201 ከማረፊያው እንደተነሣች ግራ ክንፏ ተገንጥሎ ወደቀች፤ ተማሪው አብራሪና አብሮት የነበረው ፈታኝ ሁለቱም ሞቱ። አውሮፕላኗ አሮጌ አልነበረችም፤ የተሠራችው በ2007 ሲሆን የበረረችውም 7,690 ሰዓት ያህል ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ከ33,000 ጊዜ በላይ አርፋለች። በግራው ክንፍ ስፓር የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ በብረት ድካም የተጀመረ ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ ሲያድግ ኖሮ ምሰሶውን በጠሰው። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ አውሮፕላኖች መካከል በሌላ አንድ ላይም ተመሳሳይ ስንጥቅ ተገኘ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የ1987ቱ ነው። በዚያ ዓመት በቴክሳስ የቧንቧ መስመር በዝቅታ እየበረረ ይቆጣጠር የነበረ አንድ አውሮፕላን በዚሁ ዓይነት የክንፍ ስፓር ድካም ወድቋል፤ ሞዴሉም የእኛው ፒኤ-28-181 ነበር። ያኔ መመሪያ 87-08-08 ወጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ተሻረ። ሁለቱን አደጋዎች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የሚያመሳስላቸው ዕድሜ ሳይሆን አገልግሎት መሆኑን አያለሁ፤ አንደኛው በዝቅታና በሚያናውጥ አየር ውስጥ የዋለ፣ ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ሲነሣና ሲያርፍ የዋለ ነው። የ2020ው መመሪያ መላ ስሌት የተመሠረተው በዚህ እውነት ላይ ነው።

ይህን ስንነጋገር ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ያኔ በኢትዮጵያ አየር መንገዱ በረራ 302 ጊዜስ መመሪያ ወጥቶ አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ወጥቶ ነበር። የላየን ኤር አውሮፕላን በኦክቶበር 29 ቀን 2018 ከወደቀ በኋላ፣ በኖቬምበር 7 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለቦይንግ 737 ማክስ የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ 2018-23-51ን አውጥቷል። መመሪያው ግን ያዘዘው የበረራ መመሪያ መጽሐፉ እንዲሻሻልና ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን ማእዘን የሚለካው መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ሲሰጥ አብራሪዎች የሚያደርጉት እንዲጻፍላቸው እንጂ፣ በዚያ መረጃ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው የሶፍትዌር ሥርዓት እንዲለወጥ አልነበረም። በማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ሶፍትዌሩ እንዲለወጥ ያዘዘው መመሪያ 2020-24-02 የወጣው በኖቬምበር 2020 ነው። ለጋሼ የመለስኩላቸው መመሪያ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ የታዘዘው መድኃኒት በሽታውን የሚነካ መሆን እንዳለበት ነው። እኛ በእጃችን ያለው መመሪያ በሽታው ካለበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ነው፤ ስለዚህ በቅንነት ልንፈጽመው ይገባል።

ኦክቶበር 15፣ ቅዳሜ

ለአንዲት አውሮፕላን መመሪያ የሚፈለገው በአውሮፕላኗ ስም ብቻ አይደለም፤ ለአካሏ፣ ለሞተሯ፣ ለፕሮፔለሯና በላይዋ ላይ ለተገጠሙ መሣሪያዎች ለየብቻው ይፈለጋል። በአራተኛው ክፍል ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም የማግኔቶው፣ የካርቡሬተሩ፣ የማስነሻ ቁልፉ፣ የዘይት ማጣሪያው መመሪያ በፓይፐር ስም ስለማይወጣ የፓይፐርን ብቻ የፈለገ አያገኘውም። ዘንድሮ አስተዳደሩ የቀድሞውን የመመሪያ መፈለጊያ ዘግቶ ሁሉንም ወደ አዲሱ የደንቦች መዝገብ ስላዛወረው፣ ፍለጋውን ከመጀመሪያው በአዲሱ መዝገብ አደረግሁት።

የእያንዳንዱን ዕቃ የአምራች ስም፣ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ከወረቀት ሳይሆን ከዕቃው ላይ ለማንበብ ባትሪና መስተዋት ይዤ ወደ ሃንጋሩ ሄድኩ፤ የዚህም ጥቅም ወዲያው ታየ። የሻጩ ዝርዝር ለቤንዲክስ የማስነሻ ቁልፎች የወጣው መመሪያ 76-07-12 በየ100 ሰዓቱ ሲፈጸም እንደቆየ ይናገራል። ከመሣሪያ ሰሌዳው በስተጀርባ ስመለከት ግን የተገጠመው ቁልፍ የቤንዲክስ ሳይሆን የኤሲኤስ ነው። የኤሲኤስ ቁልፎች ሌላ መመሪያ፣ 93-05-06 አላቸው፤ እሱም በውስጣቸው ያሉትን የመገናኛ ነጥቦች መፈተሽና መቀባትን፣ በማስነሻው ሶሌኖይድ ዑደት ላይም ዳዮድ መኖሩን ይመለከታል። ስለዚህ በእኛዋ ላይ ለሌለ ዕቃ ለዓመታት ሲፈረም፣ ላለው ዕቃ የሚፈለገው ሥራ ስለመሠራቱ ምንም አልተጻፈም። ይህ የሚሆነው አንዱ ፈታሽ ካለፈው ዓመት ዝርዝር ላይ ሲገለብጥ፣ ተከታዩም ከእሱ ሲገለብጥ ነው። ቁልፉን ለማስፈታት በሥራ ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩ።

ሞተሯ ላይካሚንግ ኦ-360 ነው። የዘይት ፓምፑን ጥርሶች የሚመለከተው መመሪያ 96-09-10 ከተፈጸመ የማይደገም ሥራ ሲሆን፣ ሞተሩ በ2006 ሲታደስ ስለመፈጸሙ የሎግቡኩ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተተኩት ዕቃዎች ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ ጭምር ተገኘ። ማስረጃ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ይህን መስመር ያለ ጭንቀት ዘጋሁት። የሌሎቹን የሞተርና የፕሮፔለር መመሪያዎች ሁኔታ በማዘጋጀው አዲስ የመመሪያዎች ሠንጠረዥ ላይ አስፍሬያለሁ፤ እዚህ የሚያስቆም ነገር የለባቸውም።

ሦስተኛው ባልደረባችን ያነሣው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚያጋጥም ላስፍረው። የአምራቹ ሰርቪስ ቡለቲን (የጥገና ማሳሰቢያ) በራሱ ላይ «ግዴታ» የሚል ቃል ይዞ ሲወጣ፣ መፈጸሙ በሕግ ግዴታ ነውን? በአሜሪካ ደንብ ለግሉ የሚበር ባለንብረት ሰርቪስ ቡለቲን በራሱ አያስገድደውም፤ አስገዳጅ የሚሆነው መመሪያ በውስጡ ጠቅሶ ሲያካትተው ነው፤ ለምሳሌ 2020-26-16 የፓይፐርን ሰርቪስ ቡለቲን 1345 እንዳካተተው። ከአስተዳደሩ የሚወጣው ልዩ የበረራ ብቁነት መረጃ የተባለው ጽሑፍም ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ይህ ማለት ግን አይነበቡም ማለት አይደለም። ዛሬ ምክር ሆኖ የወጣው ነገ መመሪያ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለንብረቱም በምክሩ ላይ ያላደረገው ለምን እንደሆነ ለራሱ መመለስ መቻል አለበት።

ኦክቶበር 19፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ ዋናው ስሌት ተሠራ። መመሪያው የአውሮፕላኗን ድካም የሚለካው በጠቅላላ ሰዓት ሳይሆን «የተመዘነ የአገልግሎት ሰዓት» ብሎ በሚጠራው መጠን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የተደረጉት የ100 ሰዓት ፍተሻዎች ቁጥር በ100 ይባዛል፤ ይህ ውጤት ከጠቅላላው የበረራ ሰዓት ይቀነሳል፤ የቀረው ለ17 ይካፈላል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ይደመራሉ። የ100 ሰዓት ፍተሻ በደንቡ አንቀጽ 91.409 የሚጠየቀው አውሮፕላኑ ሰው በክፍያ ሲጭን ወይም የሚያስተምረው ወገን ራሱ ባቀረበው አውሮፕላን በክፍያ የበረራ ትምህርት ሲሰጥ ነው። በመሆኑም የፍተሻዎቹ ቁጥር አውሮፕላኗ ምን ያህል በከባድ ሥራ እንዳሳለፈች ይመሰክራል፤ በቀላል የግል በረራ ያለፈው 17 ሰዓት ደግሞ እንደ አንድ ከባድ ሰዓት ይቆጠራል። ድምሩ 5,000 ከደረሰ የስፓሩ ቀዳዳዎች መፈተሽ አለባቸው። ስፓሩ ባገለገለ ስፓር የተተካ ከሆነ፣ ወይም መዝገቡ የጎደለ ከሆነ፣ ስሌት ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ፍተሻው ይኬዳል።

በመጀመሪያ ያረጋገጥኩት መዝገቡ የተሟላ መሆኑን ነው። የሞተሩን የሥራ ሰዓት የሚቆጥረው ታኮሜትር በ1998 በአዲስ ሲተካ ከዜሮ ስለጀመረ፣ ዛሬ የሚያሳየው ቁጥር ጠቅላላ ሰዓቷ አይደለም፤ የአሮጌው መጨረሻ ንባብ በሎግቡኩ ላይ ስለሰፈረ ሁለቱን ደምሬ 7,940 አገኘሁ። ከአንደኛው ሎግቡክ መጨረሻ ወደ ሁለተኛው መጀመሪያ ሲሻገር ሰዓቱም ቀኑም ይገጥማል፤ የጠፋ ገጽ የለም። ስፓር ተተክቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከኦክላሆማ ሲቲ መዝገብ ቤት የአውሮፕላኗን ሙሉ ፋይል አስመጣሁ፤ ትልልቅ ጥገናዎች የሚመዘገቡበት ቅጽ 337 ሁሉ በዚያ ይገኛል። የሬዲዮ ለውጥና የክንፍ ጫፍ ጥገና አለ፤ የስፓር ለውጥ የለም። ስፓሮቿ ከፋብሪካ የወጡባቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ቆጠራው ገባሁ። አውሮፕላኗ ከ1991 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የበረራ ትምህርት ቤት ንብረት ነበረች። «የ100 ሰዓት ፍተሻ» ተብሎ በግልጽ የተጻፈውን ብቻ ስቆጥር 46 ሆነ። በዚህ ቁጥር 4,600 ሲደመር ቀሪው 3,340 ሰዓት ለ17 ተካፍሎ 196.5፣ በጠቅላላው 4,796.5 ይሆናል። ሻጩ «አይመለከታትም» ያለው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ እንደሆነ ይገባኛል።

መመሪያው ግን በስም እንዳይቆጠር በግልጽ ያስጠነቅቃል። በሎግቡክ ላይ «ዓመታዊ» ወይም «ዓመታዊና የ100 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ፍተሻ ዓላማው የ100 ሰዓቱን ግዴታ ማሟላት ከነበረ ይቆጠራል። በአንጻሩ «የ100 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈም ቢሆን የተደረገው ዓመታዊ ግዴታን ለማሟላት ብቻ ከሆነ አይቆጠርም። ዓላማውን የሚለየው የጊዜው ርቀት ነው፤ ከቀደመው ፍተሻ ከ10 ወር ያነሰ ጊዜ ያለፈበትና ከ90 እስከ 110 ሰዓት ያህል በረራ የተደረገበት ከሆነ የንግድ አገልግሎት ፍተሻ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ዘመን ፍተሻዎች በሙሉ ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው በቅደም ተከተል በሰንጠረዥ አሰፈርኳቸው፤ በየሁለቱ መካከል ያለውንም ልዩነት አወጣሁ።

ሦስት ጽሑፎች ተለይተው ወጡ። ሦስቱም «ዓመታዊ ፍተሻ» የሚል ስም ብቻ የያዙ ናቸው፤ አንደኛው ግን ከቀደመው ፍተሻ በአምስት ወርና በ96 ሰዓት፣ ሌሎቹም በተቀራራቢ ልዩነት የተደረጉ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ በአውሮፕላኗ በየቀኑ ተማሪዎች ይማሩባት ነበር። በእነዚያ ዓመታት የፈረመው መካኒክ አላጠፋም፤ ዓመታዊ ፍተሻ የ100 ሰዓቱን ግዴታ ስለሚሸፍን አንዱን ስም ብቻ መጻፉ በወቅቱ ትክክል ነበር። ከአሠርት ዓመታት በኋላ ይህ ስም ለክንፍ ድካም መለኪያ እንደሚሆን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ለእኛ ግን የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን ሥራው የተሠራበትን ምክንያት የማንበብ ግዴታ አለብን።

ስለዚህ ቁጥሩ 49 ሆነ። 4,900 ሲደመር ቀሪው 3,040 ሰዓት ለ17 ተካፍሎ 178.8፣ ድምሩ 5,078.8። አውሮፕላኗ ወሰኑን አልፋለች፤ መመሪያው ይመለከታታል። ሦስት የሎግቡክ ጽሑፎች የተለየ ትርጉም ስለተሰጣቸው ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ።

ስሌቱን ለመርማሪው ላክሁላቸው። ሰንጠረዡን በራሳቸው መንገድ ከሎግቡኩ ጋር አመሳክረው ተስማሙ። መመሪያው ከዚህ ግምገማ በኋላ ፍተሻውን በ100 የበረራ ሰዓት ውስጥ እንድናደርግ ይፈቅዳል፤ ሦስታችን ግን በስልክ ተነጋግረን አውሮፕላኗ ሳትፈተሽ እንዳትነሣ ወሰንን። ጋሼ «ልጆቼን ይዤባት እወጣለሁ» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

ኦክቶበር 22፣ ቅዳሜ

በኤሌክትሪክ ፍሰት የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልገው የኤዲ ከረንት ባለሙያ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ስለሆነ፣ በመካከሉ ሌሎቹን ሥራዎች ጀመርን። አውሮፕላኗን ወደ ባለሙያው ሃንጋር ከማብረር ባለሙያውን ወደ እኛ ማስመጣቱን መረጥን፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

የማስነሻ ቁልፉ ተፈታ፤ የመገናኛ ነጥቦቹ ደርቀው ነበር፤ ተጸድቶ፣ ተቀብቶና ዳዮዱ መኖሩ ተረጋግጦ ተገጠመ። ከእንግዲህ በሠንጠረዣችን ላይ 93-05-06 ከነቀጣይ ቀጠሮው ይሰፍራል፤ 76-07-12 ደግሞ «የቤንዲክስ ቁልፍ አልተገጠመባትም» ከሚል ምክንያት ጋር ይቀመጣል። «አይመለከታትም» የሚለው ቃል ምክንያት ሳይከተለው መጻፍ የለበትም።

የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎችን የሚመለከተው መመሪያ 95-26-13 ተደጋጋሚና ማብቂያ ያለው ሥራ እንዴት እንደሚለያዩ በደንብ ያሳያል። ቱቦዎቹ ተራ ከሆኑ በየ100 ሰዓቱ መፈተሽ፣ በየ8 ዓመቱ ወይም በየ1,000 ሰዓቱ ደግሞ መለወጥ አለባቸው፤ ቲኤስኦ-ሲ53ኤ ዓይነት ዲ የተባለውን ደረጃ ያሟሉ ቱቦዎች ከተገጠሙ ግን ተደጋጋሚው ግዴታ ያበቃል። ዝርዝሩ ግዴታው አብቅቷል ይላል። ከሁለቱ ቱቦዎች በአንደኛው ላይ ደረጃውን የሚገልጸው የብረት መለያ በግልጽ ይነበባል፤ የሌላው መለያ ግን በሙቀት ጠቁሮ ፈጽሞ አይነበብም። የማይነበብ መለያ ማስረጃ ስላልሆነ ሁለቱንም በአዲስ ዓይነት ዲ ቱቦ ለወጥናቸው፤ ከአዲሶቹ ጋር የመጣውንም የዕቃ ማረጋገጫ ከደረሰኙ ጋር አያይዘን አስቀመጥን። ሞቆ የሚፈስ ዘይት በበረራ ላይ ሞተር ሊያቆም፣ እሳትም ሊያስነሣ ስለሚችል ወጪው አላስቆጨንም።

የስታቢሌተሩን (የጅራቱን ተንቀሳቃሽ አግድም ክንፍ) መቆጣጠሪያ ገመዶች የሚመለከተውን 2013-02-13 ለመፈጸም የኋላ ሽፋኖች ተከፈቱ፤ የገመዶቹ ጫፎችና መወጠሪያዎቹ ዝገትም ስንጥቅም አልተገኘባቸውም።

ኦክቶበር 31

ዓመታዊ ፍተሻው ዛሬ ማታ ጊዜው ያበቃል። አውሮፕላኗ በሃንጋር ውስጥ ተከፍታ ስላለች የሚያስቸኩለን ነገር የለም፤ መብረር የምትጀምረው መርማሪው ሲፈርሙ ነው።

ኖቬምበር 5፣ ቅዳሜ

ባለሙያው ማለዳ ደረሰ። የደረጃ 2 ማረጋገጫውንና የመሣሪያውን የካሊብሬሽን ወረቀት ሳንጠይቀው አሳየን፤ ሁለቱንም ቅጂ ወሰድኩ። ትናንት መቀመጫውንና ሽፋኖቹን አንሥተን፣ ክንፎቹም በብሎኖቹ ላይ ሸክም እንዳያሳርፉ ደግፈን አዘጋጅተን ነበር።

መመሪያው የሚያስፈትሸው በየክንፉ የዋናው ስፓር የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት የውጪ የታች ብሎን ቀዳዳዎች ነው፤ በአጠቃላይ አራት ቀዳዳ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ብሎኑን ማውጣቱ ነው። በመዶሻ የተመታ ወይም እየተሽከረከረ የወጣ ብሎን የቀዳዳውን ግድግዳ ሊጭር ይችላል፤ ጭረቱም ነገ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። መመሪያው በረቂቅነቱ ጊዜ አስተያየት ከሰጡት ባለንብረቶች ብዙዎቹ ያነሡት ሥጋት ይህ ነበር፤ ፍተሻው ወሰኑን ላለፉት አውሮፕላኖች ብቻ መደረጉም ለዚህ ጭምር ጠቃሚ ነው። የብሎኑን ራስ ሳናዞር ዳዶውን ፈታን፤ ሸክሙን በድጋፉ እያስተካከልን ብሎኑ በእጅ ግፊት እስኪወጣ ታገሥን። አንደኛው ረጅም ሰዓት ወሰደ፤ ማናችንም አላጣደፍነውም።

የኤዲ ከረንት አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። በመመርመሪያው ጫፍ ያለው ጥቅልል ሽቦ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አማካይነት በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚዞሩ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰቶችን ይፈጥራል፤ ስንጥቅ ካለ ፍሰቱ መንገዱ ስለሚቋረጥበት ዙሪያውን ይሄዳል፤ ለውጡም በስክሪኑ ላይ ይታያል። በዓይንም ሆነ በማጉያ የማይታይ ስንጥቅ በዚህ ይገኛል። ባለሙያው በቅድሚያ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀ የናሙና ቀዳዳ ላይ መሣሪያውን አስተካክሎ፣ ስንጥቅ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚሰጥ ለሦስታችንም አሳየን።

በቀኙ ክንፍ ሁለቱም ቀዳዳዎች ንጹሕ ነበሩ። በግራው ክንፍ በአንደኛው ቀዳዳ ላይ ስክሪኑ ከመስመሩ ወጣ ያለ ምልክት አሳየ፤ ሃንጋሩ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ባለሙያው ምልክቱ ከናሙናው ስንጥቅ ምልክት ጋር እንደማይመሳሰልና መመርመሪያው ከግድግዳው ሲርቅ የሚያሳየውን እንደሚመስል ገለጸልን። ቀዳዳውን በማጉያ ሲያየው የደረቀ የዝገት መከላከያ ቅባት በግድግዳው ላይ ተጣብቆ አገኘ። በማሟሟያ በጥንቃቄ ተጸዳ፤ ናሙናው ላይ ካሊብሬሽኑ በድጋሚ ተረጋገጠ፤ ቀዳዳው እንደገና ሲነበብ ምልክቱ የለም። ባለሙያው በሌላ ማእዘን ደግሞ አነበበው፤ ንጹሕ ነው። በአራቱም ቀዳዳዎች ስንጥቅ አልተገኘም።

ስንጥቅ ቢገኝ ኖሮ ስፓሩ ሳይተካ አውሮፕላኗ አትበርም ነበር። ብሎኖቹ ተፈትሸው፣ ዳዶዎቹም በአዲስ ተተክተው በጥገና መጽሐፉ በታዘዘው ኃይል በቶርክ መፍቻ ተጠበቁ፤ መርማሪው እያንዳንዱን በዓይናቸው አረጋገጡ።

ኖቬምበር 12፣ ቅዳሜ

የዛሬው ሥራ መጻፍ ነው። ስለ 2020-26-16 በአካል ሎግቡኩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ የግምገማውን ቀን፣ ጠቅላላ ሰዓቱን 7,940፣ የተቆጠሩትን 49 ፍተሻዎች፣ ድምሩን 5,078.8፣ ስፓሮቹ ከፋብሪካ የወጡባት መሆናቸው የተረጋገጠበትን ምንጭ፣ የኤዲ ከረንት ፍተሻው በሰርቪስ ቡለቲን 1345 መሠረት መደረጉን፣ በአራቱም ቀዳዳ ስንጥቅ አለመገኘቱን፣ የባለሙያውን ስምና የፈቃድ ቁጥር ይዟል። የ49ኙ ፍተሻዎች ሰንጠረዥ ለብቻው ታትሞ ከሎግቡኩ ጋር ተያይዟል፤ «ዓመታዊ» የተባሉት ሦስቱ ለምን እንደተቆጠሩም በየመስመራቸው ትይዩ ተጽፏል። ከእኛ በኋላ የሚገዛት ሰው ቆጠራውን ከመጀመሪያው መድገም አያስፈልገውም፤ ከፈለገም መነሻው አለው።

መመሪያው የፍተሻው ውጤት በ30 ቀን ውስጥ ለአስተዳደሩ እንዲላክ ያዛል። ቅጹን ሞልቼ ዛሬ ላክሁ። ስንጥቅ አለመገኘቱም መረጃ ነው፤ የወሰኑን ልክነት ወደፊት የሚመዝኑት ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ከየሃንጋሩ በሚደርሳቸው እንዲህ ያለ ውጤት ነው።

አዲሱ የመመሪያዎች ሠንጠረዥ በአራት ክፍል ተከፍሎ ተጠናቀቀ። መርማሪው ከሎግቡኩ ጋር አመሳክረው ዓመታዊ ፍተሻውን ፈረሙ። በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተደጋጋሚ ሥራዎች ከነቀጣይ ቀናቸውና ሰዓታቸው ተዘርዝረዋል፤ ሦስታችንም ቅጂ ወስደናል። አዳዲስ መመሪያዎችን በየሁለት ሳምንቱ የማየቱ ተራ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የጋሼ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ይሆናል።